ኮከቢቱ ጋ ዝም ማለት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለሰው ስታወሩ ሰውየው ዓይኑን ተክሎ፣ አፉን ለጉሞ፣ እንደ ግንድ ዝም ብሎ ቢሰማችሁ እስከ መቼ ትችሉታላችሁ? እኔ አልችልም። ገና ወሬውን ሳላጋምስ «እየሰማኸኝ ነው?» እላለሁ። እኛ አገር ጆሮ ብቻውን አይሰማም፤ አፍ ያግዘዋል። «እህ»፣ «እሺ»፣ «ከዚያስ»፣ «ወይ ጉድ» እያልን ነው ሰውን ወሬውን የምናስጨርሰው። ዝም ብሎ የሚሰማ ሰውማ ወይ አኩርፏል፣ ወይ አሞታል፣ ወይ ደግሞ ፈረንጅ ነው።

ጌዴኦ ላይ ነገሩ ይብሳል። ዲላ ዙሪያ ባለው ገጠር አንድ ሽማግሌ ሲናገር በየማረፊያው «ኤ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ሰምቻለሁ፣ አለሁልህ፣ ቀጥል ማለት ነው። «ኤ» የሚለው ካጣ ሽማግሌው ንግግሩን አቋርጦ በትሩን ያነሳና ይሄዳል፤ ተንቋላ! እንግዲህ አባ ሎሬንዞ የሚባሉ ጣሊያናዊ ቄስ እዚህ አገር መጥተው ሰውን ዝምታ ላስተምር ሲሉ ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ እንደገቡ ይታያችሁ።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነው። እኔ ዲላ ገበያ ዳር በእግር የምትረገጥ የልብስ መኪና ይዤ ሱሪ እሰፋ ነበር። አባቴ ከሸዋ ለንግድ የወረደ፣ ጨውና አቡጀዲ ሲሸጥ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ሥራዬ ሱሪ ይሁን እንጂ ዝናዬ በጉሮሮዬ ነበር። መኪናዋን እየረገጥኩ ሳንጎራጉር መንገደኛ ሁሉ ይቆማል፤ ሰምቶ ይሄዳል እንጂ ሱሪ አያሰፋም። አንድ ቀን ታዲያ የቆመው መንገደኛ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ቡናማ ቀሚሱን እሾህ የቀደደው ፈረንጅ ቄስ ሆነ። ቀሚሳቸውን ሊያሰፉ መጥተው እኔን ይዘው ሄዱ።

«ዘለቀ፣ አንቺ ጥሩ ድምፅ አለሽ። መዝሙረ ዳዊት ትዘምሪያለሽ» አሉኝ። አማርኛውን ቀድሞ በነበሩበት አገር ከአንዲት ወጥ ቤት ጋር ሲነጋገሩ ስለለመዱት፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ሽማግሌውንም በቅሎውንም «አንቺ» ነበር የሚሉት። እናቴ ይህን ስትሰማ «የማርያምን ደጅ ትተህ የጣሊያን ደብተራ ልትሆን ነው?» ብላ ስንት ጊዜ አኮረፈችኝ። እኔ ግን ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር እግዚአብሔርን ፍለጋ አልነበረም፤ ድምፄን ቁም ነገር ብሎ የቆጠረልኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ስለሆኑ ነው።

ዜማው ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ድምፅ ላይ ትወጣለህ፣ ቃሉን ሁሉ እዚያው ላይ ትደረድራለህ፣ መሃል ላይ ትንሽ ትታጠፍና ትቆማለህ፣ ከዚያ ቀሪውን ግማሽ ይዘህ ትወርዳለህ። አለቀ። «ይኼ ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል!» ብዬ ነበር። ላቲኑን ሳይገባኝ ለቀም ለቀም አደረግሁት። ያቃተኝ መሃሉ ነው። መጽሐፉ ውስጥ በየስንኙ ወገብ ላይ አንዲት ትንሽ ኮከብ ታትማለች። ኮከቢቱ ጋ ስትደርስ ዝም ነው። አባ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ እጃቸው አየር ላይ እስካለ ድረስ ትንፍሽ አይባልም፤ ሲያወርዱት ትቀጥላለህ። እኔ ደግሞ እጃቸው ሳይወርድ ዘው ብዬ እገባለሁ።

«ምን ያጣድፍሻል? ዝም በይ! ዝምታውም መዝሙር ነው!» ይላሉ። ዝም ብሎ መዝፈን! እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቴ ባወራላት ጠበል ነበር የምታስጠምቀኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ገባኝ። ዝናብ አባርቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ቀርከሃ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን ናት። ግማሹን ስንኝ ዘመርኩና ኮከቢቱ ጋ ቆምኩ፤ እንደ ምንም ብዬ ራሴን ያዝኩ። ድምፄ ቤቱን ዞረና ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እንዴት ልንገራችሁ? ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ ደጅ ያለው እንሰት ቅጠል ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት። ዕድሜ ልኬን ስጮኽ የኖርኩ ሰው፣ አንዴ ዝም ብል ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ መሰለኝ። ጸጉሬ ቆመ። የአባ እጅ መቼ እንደወረደ አላየሁም፤ ቀጣዩን ግማሽ ስጀምር ድምፄ የእኔ አልመስልህ አለኝ። ያን ቀን ማታ እናቴ «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» አለችኝ።

እኔስ ተማርኩ፤ ምእመናኑስ? እሁድ መጣ። በአካባቢው ካሉት የጌዴኦ ሽማግሌዎች ውስጥ ቀድመው የተጠመቁት ጅግሶ የሚባሉ፣ ረዥም፣ በትራቸው ከእሳቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ስንኙን አጋመስኩ። ኮከቢቱ ጋ ደረስኩ። የአባ እጅ ወጣ። ዝም።

«ኤ!» አሉ ጅግሶ።

«ኤ!» አለ ቤቱ ሙሉ ሕዝብ ተከትሎ።

ምን ያድርጉ? ሰው እየተናገረ መሃል ላይ ቆሟል፤ ጨዋ ሰው ደግሞ እንዲህ ሲሆን ይመልሳል። ላቲን መሆኑ ምን ያገባቸዋል፤ ጨዋነት ቋንቋ አይመርጥም። የአባ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰውን ሰብስበው፣ ይህ ዝምታ የእግዚአብሔር መሆኑን፣ ሰው እንደማይገባበት አስረዱ፤ እኔ አስተረጎምኩ። አባ ትንፋሽ ለመውሰድ በቆሙ ቁጥር ሕዝቡ «ኤ» ይላል። ዝም በሉ የሚለውን ስብከት በ«ኤ» አጅቦ አስጨረሳቸው!

ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ እሁድ ጅግሶ ወደ እኔ መጡና «ሰፊው፣ ዛሬ የዘፈንሽው ምን ይላል?» አሉኝ። እሳቸውም በአማርኛቸው እንደ አባ ናቸው። ለሙታን የሚዜመው መዝሙር ነበር። አንድ ሰው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ እግዚአብሔርን እየተጣራ ነው፣ ድምፄን ስማኝ እያለ ነው አልኳቸው።

«ማን መለሰለት?»

አባን ጠየቅኩላቸው። «እግዚአብሔር ይመልሳል፤ ጊዜውን ያውቃል» አሉ አባ።

ጅግሶ አሰቡ አሰቡና «እሺ፤ እሱ እስኪመልስ ድረስስ? ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እየተጣራ እኛ ዝም እንበለው?» አሉ። አባ ጢማቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ዱር ለገቡት አርበኞች እህል ታቀብላላችሁ ተብለው ሁለቱም የጅግሶ ልጆች ተያዙ። ታላቅየውን ገመዴን ገደሉት። ታናሽየውን ካምፕ ውስጥ አሰሩት። አባ ሎሬንዞ ወደ ካፒቴኑ ሄደው፣ የተጠመቀ ልጅ ነውና ሬሳውን ስጡኝ ብለው ለመኑ። ካፒቴኑ ሰጣቸው፤ ግን ለቅሶ የለም አለ። እዚህ አገር ለቅሶ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከየሸንተረሩ ሰው ይተማል፣ ምድር ይንቀጠቀጣል። ካፒቴኑ የፈራው እሱን ነው። «ከመጽሐፍህ ውስጥ ያለውን አንብብና ቅበር። ከመጽሐፉ ውጭ አንዲት ድምፅ ብትሰማ የታሰረው ልጅ አይመለስም» አለ። አባ ይህን ሲነግሩን ማንንም «አንቺ» አላሉም፤ በጣሊያንኛ ጀምረው፣ ቆመው፣ እንደገና በአማርኛ ጀመሩ።

እኔ ጅግሶን ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። «አባቴ፣ ዛሬ ኮከቢቱ ጋ ዝም ይበሉልኝ። ስለ ታናሽየው ብለው» አልኳቸው። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለልጃቸው ድምፅ አውጥተው ያላለቀሱ አባት ናቸው፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ካፒቴኑ ራሱ ከነወታደሮቹ መጥቶ ከጉድጓዱ ማዶ ቆመ። ሰው ያን ያህል ተሰብስቦ ያን ያህል ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ነክሰዋል። ያንኑ መዝሙር ጀመርኩ፤ ሰውየው ከጉድጓዱ ሆኖ ተጣራ። ኮከቢቱ ጋ ቆምኩ። ዝም። ሁለተኛውን ስንኝ ቀጠልኩ፣ ቆምኩ። ዝም። ያ ስንት ወር የተማርኩት፣ ጸጉሬን ያቆመው ዝምታ፣ ያን ቀን ሲያንገሸግሸኝ! ገመዴ እየተጣራ እኛ ጀርባችንን የሰጠነው መሰለኝ። እኔም ራሴ አባ ወራት ሙሉ የደከሙብኝን ነገር መሬት ላይ ልጥለው ምንም አልቀረኝ።

ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። «ኤ» አሉ ጅግሶ።

ቀስ ብለው ነው ያሉት። እሳቸው ራሳቸው ያወቁት አልመሰለኝም። ካፒቴኑ ቀና አለ። የአባ ሎሬንዞ እጅ አየር ላይ ነው። አሁን ያወርዱታል፣ አሁን ቀጥል ይሉኛል፣ «ኤ»ው ተሸፍኖ ይቀራል ብዬ እጃቸውን አየሁ።

እጃቸውን አላወረዱም።

ከፍ እንዳደረጉት ቆሙ። ሕዝቡም አየ። «ኤ!» አለ፣ እንደ አንድ ሰው። የአባ እጅ ሕዝቡ እስኪበቃው ቆይቶ ወረደ፤ ቀጠልኩ፤ በሚቀጥለው ኮከብ እጃቸው ከፊተኛው አብልጦ ቆየ። በየስንኙ መሃል ያ ሁሉ የታፈነ ለቅሶ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። «ኤ» የሚባለው ቃል ጩኸትም፣ ስምም፣ «ልጄ» ማለትም ሆነ። እኔ እየዘመርኩ አለቀስኩ። አምላኬ፣ ሰው ከአንዲት ቃል ይህን ሁሉ ያወጣል? መጨረሻው ላይ ስደርስ ገመዴ መልስ ያላገኘበት ጥሪ አልነበረም።

ካፒቴኑ ጉድጓዱን ዞሮ መጣ። ምን እንዳለ ጣሊያንኛ ባላውቅም ገብቶኛል፤ ይህ ጩኸት ምንድን ነው እያለ ነው። አባ ሎሬንዞ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ገለጡለት። ጣታቸውን አንዷ ኮከብ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ሌላዋ ላይ፤ ከዚያ ሌላዋ ላይ። ከዚያም በእጃቸው ወደ ሕዝቡ አመለከቱ። ካፒቴኑ ኮከቦቹን እያየ ቆየ። ላቲን አያውቅም መሰል። መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ምን ይበል! ወታደሮቹን ይዞ ሄደ።

ኋላ «አባ፣ ምን አሉት?» ብላቸው «እውነቱን። ይህ ምልክት የሕዝቡ ነው አልኩት» አሉኝ። ያ ሁሉ ወር ሰው አይገባበትም ሲሉ የነበሩት ሰውዬ! ታናሽየው በሳምንቱ ተፈታ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ሰው ውለታ የሚመልሰው በራሱ መንገድ ነው። ጅግሶ ሕዝቡን ሰብስበው መከሩ። ይህ ቄስ አንዱን ልጃችንን አስለቅሶናል፣ ሌላውን መልሶልናል፤ ምን እንስጠው? ሲፈልግ የኖረውን እንስጠው ተባባሉ።

እሁድ ዕለት ስንኙን አጋመስኩ። ኮከቢቱ ጋ ቆምኩ። የአባ እጅ ወጣ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሕፃን እንኳ አላሳለም። አባ ይህን አገር ከረገጡ ጀምሮ ሲመኙት የኖሩት ዝምታ፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ ተሰጣቸው። ጅግሶ በኩራት ደረታቸውን ነፍተው ተቀምጠዋል።

እጃቸው አልወረደም። ጠበቁ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ለሰው እያወራ ሰው ዝም ያለበት ሰው ፊት ነው።

«ምነው?» አሉ አባ ሎሬንዞ። «አትሰሚኝም እንዴ?»

ጅግሶ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። እኔ ምን ልበል፤ ትከሻዬን ሰበቅሁ።

«ኤ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው።

የአባ እጅ ወረደ፤ ቀጠልን።