አማቴና ተረከዜ

ሰው ሆኖ የሚኮራበት ነገር የሚያጣ የለም። አንዱ በመኪናው ይኮራል፣ አንዱ በልጁ ውጤት፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ሲያጣ በዘሩ። እኔ የምኮራው በተረከዜ ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁና ስትጨርሱ ካልሲያችሁን አውልቃችሁ የራሳችሁን ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ቁም ነገር እናወራለን።

የቁንጅና ነገር ሲነሣ ሁላችንም ከአንገት በላይ ነን። ለፊት ቅባት፣ ለፀጉር ማሽን፣ ለቅንድብ መቀንደቢያ። ስልካችሁ ላይ አንድ ጊዜ ክሬም ፈልጋችሁ እንደሆን ማስታወቂያው ሳምንቱን ሙሉ አይለቃችሁም። ተረከዝ ግን መስታወት የለውም። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞን ሲዞር ይውልና፣ አልጋ ስንገባ አንሶላ ሲይዝብን “ኤጭ!” ብለን እንገላምጠዋለን። ውለታ ቢስነት የሚጀምረው ከራስ ነው።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ካልቨር ሲቲ ውስጥ፣ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፓርኪንግ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ወንበር ላይ የምውል እንዳይመስላችሁ። ወንበሩስ አለ፤ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው የጠፋው። ሲሚንቶ ላይ ቆሜ የሰው መኪና ሳስተናግድ ከርሜ፣ ተረከዜ በጋ እንደመታው ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። ግድም አልነበረኝ። ወንድ ልጅ ተረከዝ እንዳለው የሚያውቀው ጫማ ሲልጠው ነው።

ነገሩ የተቀየረው የባለቤቴ የሰብለ አባት፣ መምሬ ዘውዱ፣ ቪዛ አግኝተው ሊጠይቁን እንደሚመጡ የተሰማ ለት ነው። እኔና ሰብለ የተጋባነው እዚሁ ስለሆነ አማቴ ዓይኔን አይተውት አያውቁም፤ የመረቁን በስልክ ነው። በስልክ ደግሞ ሁላችንም ጨዋ ነን። ሰብለ ለዓመታት “አባባ፣ ባሌ ጥሩ ሰው ነው፣ ቤታችን ሰላም ነው” ስትላቸው ኖራለች፤ አሁን እውነቱን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። አባቷ “ልጄ ደህና ቤት ይዛለች” ብለው እንዲመለሱ ነበር ምኞቷ ሁሉ።

የሚገቡት ሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ ይህን ሲሰሙ፣ ለጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ተንበርክከው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ መምሬም አብረው እንዲያጥቡ ጋበዟቸው። ሰብለ ደስታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ወደ እኔ እግር ወረደ።

“ታዴ፣ እስቲ ካልሲህን አውልቅ።”

አወለቅሁ። ጎንበስ ብላ ተረከዜን አየችው።

“ኖ ዌይ! አባቴ ይሄን እግር አይነካም።”

“እኔ አልታጠብማ። ከኋላ እቆማለሁ።”

“አማቻቸው ሳይታጠብ? ሰው ምን ይላል? ሶ ስማኝ፤ የምትታማው አንተ አይደለህም። ባሏን መያዝ አቃታት ነው የሚባለው፣ እኔን ነው!”

እሷ ባደገችበት አገር የእንግዳም የባልም እግር የሚታጠበው በእመቤቲቱ እጅ ነው፤ የባልን እግር ያየ የሚስትን ሙያ አየ ይባላል። ልማዱ ልክ ነው አልልም። ግን ሰው አገሩን ሲለቅ የሚይዘውን በሻንጣ ብቻ አይመዝነውም።

ጾሙ ሲጋመስ አንድ ቅዳሜ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ወሰደችኝ። መቼም የፓርኪንግ ኃላፊ ፓርኪንግ አጥቶ ሰፈሩን ሲዞር ማየት የሚያስደስተው ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ሊትል ኢትዮጵያ ይምጣ። በመጨረሻ የእትዬ ወይንሸት ሱቅ ገባን። እትዬ ወይንሸት በርበሬም ነጠላም ሚዶም የሚሸጡ፣ ምክር ደግሞ በነፃ የሚጨምሩ ሴት ናቸው። እግሬን ሳያዩ ከፊቴ ገባቸው።

“ይኸው የተረከዝ ድንጋይ፣ ይኸው የጥፍር ብሩሽ፣ ይኸው የጥጥ ካልሲ። ቫዝሊን ቤት አላችሁ። ኤቭሪ ዴይ ዩዝ ካደረግኸው ለፋሲካ የሕፃን እግር ይኖርሃል። አንድ ቀን ፈትገህ ሳምንት ብትተወው ግን እኔን እንዳትወቅሰኝ።”

ሦስቱ ተደምረው የአንድ በያይነቱ ዋጋ አልሞሉም። ያም ሆኖ ድንጋይ በገንዘብ ስገዛ የመጀመሪያዬ ስለነበር ትንሽ ከበደኝ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ይጠቅማችኋል። እግር ለብ ባለ ውኃ እስኪለሰልስ ይዘፈዘፋል። ድንጋዩም ይርሳል፤ በደረቁ የፈተገ ንቃቃቱ ይብስበታል። ቀስ ተብሎ ነው የሚታሸው፣ ድስት እንደሚፈገፍግ ሰው መቸኮል የለም። ከዚያ ጥፍር በብሩሽ፣ ከዚያ ቫዝሊን፣ ከዚያ የጥጥ ካልሲ ለብሶ መተኛት ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው ሰብለ ስታደርገው አይቼ ነው። በየቤቱ እየዞረች አቅመ ደካማ አረጋውያንን ስታነሣ ስታስተኛ ውላ ትመጣለች፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ሳፋውን ትሞላለች፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ እግሬን ትፈትጋለች። እኔ ስልኬ ላይ ዜና እከታተላለሁ።

ለሆሳዕና ተረከዜ አበራ። ሥራ ቦታ ጫማዬን አውልቄ ለገንዘብ ተቀባዩ አሳየሁት። ጤንነቴን ጠየቀኝ።

ማክሰኞ መምሬ ገቡ። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፣ መስቀልም አያሳልሙም፤ ዕድሜ ልኬን ጉልበታቸውን ልስም የጠበቅኋቸውን አማቴን ከሩቅ እጅ ነሥቼ ሻንጣቸውን ተቀበልሁ። ለክብራቸው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ፈቃድ ወስጃለሁ። ሰብለ ግን የምትንከባከባቸውን አረጋውያን የሚይዝላት ሰው ስላላገኘች ጎህ ሲቀድ መውጣቷን ቀጠለች። ይህችን ያዙልኝ።

ሐሙስ ደረሰ። መምሬ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ወገባቸውን በፎጣ ታጥቀው ፊቴ ተንበረከኩ። እጃቸው ሲነካኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ተረከዜን በመዳፋቸው ያዙ፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉ፣ ቀና ብለው አዩኝ። አድናቆት መሰለኝና ደረቴ ተነፋ። ቀጥለው ወደ ሴቶቹ ተሻገሩ። ሰብለ ነጠላዋን ሰብስባ እግሯን ዘረጋች። ከማንም በላይ የእሷን ለረጅም ጊዜ አጠቡት፤ ሲነሡ ትከሻቸው ወርዶ ነበር።

ቤት ገብተን ጉልባን ቀረበ። ሰብለ ውኃ ልታመጣ ወደ ማድ ቤት ስትል መምሬ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

“ልጄ፣ ሥራ ከፈታህ ስንት ጊዜ ሆነህ?”

“እኔ? ኧረ አልፈታሁም መምሬ!”

“ነውር የለውም፤ በማንም ይደርሳል። ግን የሚሠራ ሰው እግር አውቃለሁ። ያንተ የመኳንንት እግር ነው። የልጄ ግን…” ብለው ቃሉን ዋጡት።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ ቤት፣ እሷ በሌሊት ውጪ፤ የእኔ እግር ሐር፣ የእሷ ንቃቃት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብለው መሆን አለበት በልባቸው። ሰብለ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ለካ ከማድ ቤት ትሰማለች። ሳቋ አመለጣትና ሕማማት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ድንጋዩን አምጥታ አባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

“አባባ፣ ይሄ ሰው እኮ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚውለው! በዚህ የፈተግሁት እኔ ነኝ። ሲያዩት በእኔ እንዲኮሩ ብዬ።”

መምሬ ድንጋዩን አገላበጡት።

“የራስሽንስ?”

“የኔን ማን ያየዋል ብዬ ነዋ።”

“እኔ አየሁት” አሉ።

ጉልባኑን ትቼ የሰብለን እግር አየሁ። እነዚያ እግሮች ስንት አልጋ አጠገብ ቆመው እንደሚውሉ አውቃለሁ፤ ቤታችንን ከእኔ እኩል የተሸከሙት እነሱ ናቸው። በተረከዜ ስንጎራደድ የከረምሁት በእሷ እጅ ሥራ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ያኔ የኮራሁት በራሴ ልስላሴ ሳይሆን በእሷ ንቃቃት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሳፋውን እኔ ያዝሁ። መጀመሪያ ሰብለ እግሯን ትሸሽግብኝ ነበር። መምሬ ሶፋው ላይ ሆነው “ድንጋዩን አርሰው፣ በደረቁ አይሆንም” እያሉ ያርሙኛል። ፈቃዴ አልቆ ሥራ ገባሁ፣ እሳቸውም አንድ ቀን መጥተው ሲሚንቶ ላይ ቆሜ አይተውኝ መረቁኝ፤ ሳፋው ግን አልቀረም።

መሄጃቸው ሲደርስ ሙሉ ልብስና ስልክ ገዛንላቸው። “እግዜር ይስጥልኝ” አሉና ከእትዬ ወይንሸት ሱቅ አንድ ድንጋይ እንድጨምር ለመኑኝ።

“መምሬ፣ አገራችን ድንጋይ አጣ እንዴ?”

“ድንጋዩማ ሞልቷል። እኔ ነኝ ለምን እንደሚሆን ሳላውቅ የኖርሁት።”

ከሄዱ በኋላ የሰብለ እናት፣ እማማ የሺ፣ ደወሉ። ድምፃቸው የተቆጣ ነው።

“ልጆቼ፣ መምሬን ምን አድርጋችሁ ነው የላካችሁልኝ? ሳፋ ይዘው ይከተሉኛል! ኧረ ቄስ ነዎት፣ ሰው ምን ይላል ብላቸው፣ ‘ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እግር ሳጥብ የቤቴን ረስቼ’ ይሉኛል።”

“እና ምን አልሻቸው እማዬ?” አለች ሰብለ።

እማማ የሺ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ምን እላለሁ? ግራውን ሲጨርሱ ቀኙን ሰጠኋቸው።”