የማይቀመጡበት ወንበር

በከተማችን በራስ አቅም የተሠሩ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ከአለት የተፈለፈለ ስለሆነ ዓለም ያውቀዋል። ሁለተኛው የሹፌሩ የእንግዳው ሚኒባስ ወንበር ነው። ይህንን ዓለም እስከ ዛሬ አለማወቁ የራሱ የዓለም ጥፋት ስለሆነ፣ ጥፋቱን ለማረም ይህ ተጻፈ።

የነገሩ መነሻ የእትዬ አዛለች ቁጣ ነው። እትዬ አዛለች ባለ ሆቴል ናቸው፤ ለገና የሚመጡ እንግዶቻቸውን በየዓመቱ የሚያመላልሰው እንግዳው ነበር። የዚያች ሳምንት ሥራ የዓመት እንጀራው ናት። ዘንድሮ ግን አስቀድመው በኅዳር አስጠሩት።

«ስማ፣ አምና አንዲት እንግዳዬ ከመኪናህ ስትወርድ የወንበርህ ስፖንጅ ቀሚሷ ላይ ተለጥፎ፣ ጀርባዋን ያልተሸለተ በግ አስመስሏት ነው የገባችው። ወንበርህን አልብስ። አለዚያ ሥራውን ለበድሩ እሰጠዋለሁ።»

«ለበድሩ! የሱ ወንበር እኮ ከኔ የባሰ ነው፤ ካርቶን ደልድሎ ነው ሰው የሚጭነው።»

«ቢሆንም እሱ አይኮራም።»

እንግዳው ደሴ ወዳለ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ደወለ።

«አሥራ አንድ ወንበር ማልበስ ስንት ይፈጃል?»

«መኪናው ቢሸጥ ስንት ያወጣል?»

«እሱ ምን ያደርግልሃል?»

«ግማሹን በለው።»

ከዚህ ጥልቅ ምክክር በኋላ ሥራው በራስ አቅም እንዲከናወን ተወሰነ። እንግዳው ሁለት ቀን ሙሉ በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ከረመ፤ በሦስተኛው ቀን መፍቻ ይዞ ገባና ወንበሮቹን ነቃቅሎ ግቢው ውስጥ ደረደራቸው። የቀረው ስፌት ብቻ ነበር። ሱፍ የሚሰፋው ሙሉሰው ለሙከራ በቀረበለት ሌዘር ላይ ሦስት መርፌ ሰብሮ አራተኛውን እንዳያስወጣው እንግዳውን ለመነው። በመጨረሻ የተገኙት እትዬ የሺሃረግ ናቸው። ሃያ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ጥላ ሲሰፉ የኖሩ ባለሙያ ናቸው፤ ማሽናቸው ወፍራም ጨርቅ አይፈራም፣ ዋጋቸውም ሰው አያስደነግጥም።

«ቀይ ከፈይ ተርፎኛል፣» አሉት፤ «ግን አስቀድሜ ልንገርህ። እጄ የለመደው ጥላ ነው። ጠርዙን ወርቅማ ካላስያዝሁ፣ ዘርፍ ካላንጠለጠልሁ፣ የሰፋሁ አይመስለኝም።»

«ርካሽ ይሁን እንጂ ምኑም ይንጠልጠል።»

«መስቀል ግን አልሰፋበትም። ሰው የሚቀመጥበት ነው።»

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ማስተዋል ያለበትን ንግግር የሚፈልግ አንባቢ ይህችን ዐረፍተ ነገር አስምሮ ይያዛት፤ ብዙ አያገኝም።

ከፈዩ ለአሥሩ ወንበር በቃ። አሥራ አንደኛው ከነቅዳዱ ስለቀረ፣ እንግዳው ከባለ ከፈዮቹ ጋር አብሮ መታየቱን አልወደደውምና ግቢ ጣለው። አሥሩን መልሶ ሲገጥም ሰባት ብሎን ተረፈው፤ ይህንንም በቁጠባ መዘገበው። ውጤቱን በቃል መግለጽ ያዳግታል። ወንበሩ ቀይ፣ ጠርዙ ወርቅማ፣ ዘርፉ እስከ ወለሉ የሚወርድ፤ የራስ መደገፊያው ክብ ሆኖ ተሰፍቶ፣ አሥር ትንንሽ ጥላዎች ለክብረ በዓል የተሰለፉ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች እትዬ አዛለች ሆቴል ክፍል አስቀድመው የያዙ፣ ከወገል ጤና ከተማ ለመሳለም የመጡ ማኅበርተኞች ነበሩ። አውቶቡሳቸው ነአኩቶ ለአብ መገንጠያ ላይ ስለተበላሸ እንግዳው ሊያመጣቸው ሄደ። ደርሶ በሩን ከፈተ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው አቶ ምሥጋናው አንድ እግራቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ተመለከቱና፣ እግራቸውን መለሱ። ጫማቸውን አወለቁ። በሩን ተሳለሙ።

«ይግቡ እንጂ!» አለ እንግዳው።

«የት?»

«ወንበሩ ላይ ነዋ።»

«በዚህ ኃጢአተኛ መቀመጫዬ? ኧረ በስመ ሥላሴ!»

በዚህ መሀል ከነአኩቶ ለአብ ተሳልመው የሚመለሱ ቄስ ደሳለ ደረሱ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ዳገቱን አልወደደም።

«ተመስገን፣ መኪና አገኘሁ። ልጄ፣ እስከ ከተማ አድርሰኝ።»

«ይግቡ አባታችን!» ብሎ እንግዳው እጃቸውን ያዘ። አቶ ምሥጋናው ሌላውን እጅ ያዙ።

«አባታችን፣ እንዴት ይቀመጡበታል?»

«ወንበር አይደለም እንዴ?»

«ዘርፉን አላዩትም?»

«አየሁት። ዘርፍ ያለው ወንበር ነው። ልጆቼ፣ ይህ ምንም ቅዱስ ነገር የለበትም። ጉልበቴን አሞኛል።»

ማኅበርተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ትሕትናቸው!» አለች አንዲት ሴት፣ እያለቀሰች። «አያችሁ ትሕትናቸውን?» እልልታው ቀለጠ።

ስለዚህ እንግዳው ባዶ መኪናውን በቀስታ ነዳ። ማኅበርተኞቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላው ተከተሉ። ከነሱም ኋላ ቄስ ደሳለ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያነክሳሉ። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ በእግሩ፣ ጉልበት የሌለው ጨርቅ በመኪና! ይህን ያየ ሁሉ አንድ ሰው እንኳ «ኧረ አያምርም» ሳይል እልል እያለ ተቀላቀለ። ከተማ ሲገቡ እትዬ አዛለች በር ላይ ቆመው ጠበቁ።

«እንግዶቼ የታሉ?»

«እየመጡ ነው።»

«በምን?»

«በእግራቸው። ከኋላዬ።»

የዚያን ዕለት ማታ እትዬ የሺሃረግ መቀሳቸውን ይዘው መጡ። «ዘርፉን ልቁረጥልህ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም። ሰው ይቀመጥ፣ እንጀራህን ብላ።» እንግዳው ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪናውን በር ሰው ስሞለት ነበር። ደረቱን ነፋ። «አንዴ ከተከበረ በኋላ?» አለ። እትዬ የሺሃረግ መቀሳቸውን ይዘው ተመለሱ።

በማግሥቱ ክብሩ ሕጋዊ መልክ ያዘ። ስሙን የማልጠራው የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ታፈረ፣ ሦስት ባለሙያና አንድ ገመድ አስከትለው መጡ። ሊቃውንት ቅርስን የሚዳሰስና የማይዳሰስ ብለው ሲከፍሉት ኖረዋል፤ አቶ ታፈረ ሦስተኛውን አገኙ፤ የማይቀመጡበት። መኪናው አደባባይ ቆሞ በገመድ ታጠረ፤ ደብዳቤም ተለጠፈበት፦ «ጥናቱ ተጠናቆ ውጤቱ እስኪገለጽ ድረስ ማንኛውም አካል ማንኛውንም አካሉን በወንበሩ ላይ እንዳያሳርፍ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ቄስ ደሳለ እያነከሱ መጡ። «ልጄ ታፈረ፣ እኔ ቄስ ነኝ። የተቀደሰ አይደለም ብዬሃለሁ።»

«አባታችን፣ አስተያየትዎ በግብዓትነት ተወስዷል።»

«እንግዲያው ግብዓቱን መልስልኝና እዚያ ላይ አሳርፈኝ።»

«ጥናቱ ሲያልቅ አባታችን።»

እንግዳውም አልተረሳም። «ወጣቱ የፈጠራ ባለቤት» ተብሎ ተጨበጨበለት፤ የገዛ መኪናው ጊዜያዊ ጠባቂ ሆኖም ተሾመ። መኪናው ውስጥ መቀመጥ ክልክል ስለሆነ፣ ግቢ የጣለውን አሥራ አንደኛውን ወንበር አምጥቶ ከገመዱ ውጪ አኖረና እሱ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ አዛለች ለክርክር ጊዜ አልነበራቸውም። በድሩን ጠሩት።

«ወንበርህ ተቀዷል፣» አሉት።

«ወላሂ እትዬ፣ እንዳለ ተቀዷል።»

«ሰው ይቀመጥበታል?»

«ሌላ ምን ያደርጉታል?»

የገና ሳምንት በድሩ ቀን ከሌት አመላለሰ። ቄስ ደሳለንም ጋቢና አስቀምጦ ነአኩቶ ለአብ ወሰዳቸው፤ እሳቸውም ካርቶኑን አመቻችተው ተቀምጠው፣ «እግዜር ያክብርህ፣ ይህ ነው ወንበር» ብለው መረቁት። የበላይ እንግዳ ሊቀበሉ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የቸኮሉት አቶ ታፈረ ሳይቀሩ በበድሩ መኪና ሄደው ተመለሱ። ከዚያም አደባባዩ ላይ ቆመው፣ የእጅ ሥራችንን ከጉዳት ስለ መጠበቅ አርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉ። ንግግራቸውን ጨርሰው ወደ መኪናው ሲዞሩ፣ የጥቁር ሱፋቸው መቀመጫ ላይ መዳፍ የሚያህል ስፖንጅ ለጉባኤው ታየ። ጉባኤው ይህንንም አጨበጨበ።

የገና ዋዜማ በድሩ መኪናውን ሰው ጢም አድርጎ ሞልቶ መጣና እንግዳው አጠገብ አቆመ።

«እንዴት ነህ እንግዳው? ሰው በዝቶብኝ አንድ ወንበር ጎደለኝ። ወንበርህን ትሸጥልኛለህ?»

እንግዳው ወደ ቀዩ ከፈይ ዞሮ በረጅሙ አየው። «እሱማ ደብዳቤ አለበት፣» አለ። «ጽሕፈት ቤቱ ካልፈቀደ...»

«እሱን ማን ጠየቀህ?» አለ በድሩ፤ «የተቀመጥህበትን ነው።»