ዛፍ ላይ የወጣው ኮርቻ

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ከበሩ ፈቀቅ በሉ፣ ብርድ ይገባል። መስከረም ገብቶ በቆሎው ጢም ሲያወጣ ዝንጀሮውም የሚጠግብበትን ቀን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ የዲንቃ ነገር ትዝ ይለኛል።

ወንድ ልጅ ዛፍ ላይ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መሬት ላይ ተስማምቶ ያደረው ሰው፣ ከፍ ሲል ንጉሥ ይሆናል፤ የሌላውን ማማ መናቅ ይጀምራል። ባለቤቴ ቶለሳና ታናሽ ወንድሙ ዲንቃ ከእጃጂ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ማሳቸው ድንበርተኛ ነበሩ። ዝንጀሮው ከገደሉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የዲንቃን በቆሎ ነው፤ ከዚያ የእኛን። የሁላችንም የዓመት ቀለብ ያ ብቻ ነበር።

ቶለሳ ዋንዛው ላይ እንጨት ረብርቦ፣ ሣር ጎዝጉዞ ሰፊ ማማ ሠራ። ቆሞ ወንጭፍ ማዞር ይቻላል። ክፋቱ፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንቋቋል፤ ዝንጀሮውም ከሩቅ ያየዋል። ዲንቃ ደግሞ በዚያ ክረምት ፈረሱ ሞቶበት ነበር። ኮርቻውን አውጥቶ ብሳናው ግንድ ላይ በጠፍር አሰረና ተቀመጠበት፤ ለእግሩ መርገጫ አንዲት ሳንቃ ብቻ። ግንዱን እንደ ጋሻ ይዞ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየዞረ ይወነጭፋል፤ ዝንጀሮው ድንጋዩ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ቶለሳ፣ ብሳናህን ገብስ አበላኸው ወይ ይለዋል። ዲንቃም፣ አልጋ ዛፍ ላይ ካወጣህ ሚስትህንም አውጣት ይለዋል። ሚስቱ እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ማን ጠየቀኝ? ቀልዱ እያደር መረረ፤ የኦሮምኛ ሰላምታቸውም ‘አካም’ ብቻ ሆነች።

ምራቴ ማርታ ያን ጊዜ ከአዲስ ዓለም ገና መምጣቷ ነው፤ ኦሮምኛ አትሰማም። አንድ ቀን ምሳ ይዛልን በማሳው ዳር ስታልፍ የዲንቃ ድምፅ ጠራት። በቆሎው ከቁመቷ በላይ ስለሆነ እሱን አላየችውም። ለቶለሳ ንገሪው፣ ኮራ፣ ኮራ አላት። ኮራ በኦሮምኛ ኮርቻ ነው። ለካ ጠፍሩ ላልቶ ኮርቻው ከሥሩ ተንሸራቷል፤ እግሩም ከሳንቃው አምልጦ፣ ጠፍሩ ብብቱ ሥር ገብቶ ግንዱ ላይ አንጠልጥሎታል። ከዚያ በላይ የሚናገርበት ትንፋሽ አልነበረውም።

ቃሉን እንደሰማችው ብታደርስልን ይገባን ነበር። እሷ ግን በአማርኛ ‘ዲንቃ ኮራ’ በይልኝ ያላት መሰላት፤ ደግሞም ጨዋ ልጅ ናት፤ የባሏን አጎት እንዴት አንተ ትበል? አንገቷን ደፍታ፣ አባባ፣ ጋሼ ዲንቃ ኮርተዋል፣ ይህንኑ ንገሪልኝ ብለዋል አለች። ‘ኮርተዋል’ ውስጥ ኮርቻ ማን ይፈልጋል? ቶለሳ ጉርሻውን ዋጠና፣ ይኩራ፣ እዚያው ይኩራ አለ።

ምሳው ሳያልቅ ዝንጀሮው በዲንቃ በኩል ሲንጫጫ ሰማን፤ የወንጭፍ ድምፅ ግን የለም። ዲንቃ ዝንጀሮ እያየ ዝም እንደማይል ቶለሳ ያውቃል። እንጀራውን ጥሎ ሮጠ፤ እኔም ማጭዴን ይዤ ተከተልሁት። ስንደርስ የዲንቃ ፊት ጠቁሯል። ቶለሳ ትከሻውን ከእግሩ ሥር ሰጥቶ ደገፈው፣ ማጭዱንም ተቀብሎኝ ጠፍሩን በጠሰው። ዝንጀሮው አጠገባችን በቆሎ እየሸለቀቀ ይበላል፤ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ዲንቃ ተረፈ፤ ቀኝ ክንዱ ግን ወንጭፍ ማዞር ተወ። ከበቆሎው የቀረውን በአንድ ጎተራ አስገብተን፣ በጎመን እየደጎምን ዓመቱን ገፋነው። ማርታ ኦሮምኛ ተማረች፤ ዛሬ ከልጄ አሳምራ ትናገራለች። ቶለሳ ባለፈው ክረምት እዚሁ ደጃፋችን ላይ አዳልጦት ወደቀ፤ አልተነሣም። ሌላ ሰው ጠፍቶ መርዶውን ለዲንቃ ያደረሰችው ማርታ ናት። በኦሮምኛ ነገረችው፤ አንዲት ቃል አልሳተችም። ዲንቃ እስከ ዛሬ ይወቅሳታል፤ መሳሳት የነበረብሽ መርዶውን ባመጣሽ ቀን ነበር ይላታል።