ማዘር ሞታለች

በየሰፈሩ ወሬን እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ግማሹን ሰምቶ ቀሪውን ራሱ የሚጨርስ ግን አይጠፋም። ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት ያለ ደመወዝ የያዙት ክብርት እትዬ የዓለምወርቅ ናቸው። ሰው ገና አፉን ሲከፍት እጃቸውን ያነሡና «ገብቶኛል፣ አትጨርሰው» ይላሉ። እውነትም አይጨርስም፤ የሚጨርሱት እሳቸው ናቸው።

ጎረቤታቸው ኡሙሀኒ ስልክ ላይ «ወጣልን፣ ዛሬ ጠዋት ወጣልን» ስትል ሰምተው፣ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው ብለው እልልታውን ያቀለጡት እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው?» እያለ ሲመላለስ ሰነበተ። የወጣው የሕፃኗ የመጀመሪያ ጥርስ ነበር። ሌላው ጎረቤት አጥናፉ ታሰረ ሲባልም ምሳ ቋጥረው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ስሙ ከመዝገብ እንዲፈለግ አድርገዋል። የታሰረው ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ ወጌሻ ነው ያሰረለት። እትዬ በዚህ አላፈሩም። ምሳውን ይዘው ቤቱ ድረስ ወረዱና «እንኳንም በእግርህ ሆነ» ብለው አጉርሰውት ተመለሱ።

ከእሳቸው ጋር ግድግዳ የሚጋራው መሳይ ነው። ከፍቼ መጥቶ፣ በአንዲት ኮምፒውተር ለሸማኔዎቹ የጥለት ንድፍ እየሠራ ይኖራል። ሰው አይጠላም፤ ግን በሩን ዘግቶ መሥራት ይወዳል፣ ከሰፈሩም ያለው ትውውቅ ከሰላምታ አያልፍም። ታዲያ አንድ ቀን የኮምፒውተሯ ማዘርቦርድ ተቃጠለች። ይህች ዕቃው ሁሉ የሚሰካባት ዋና ሰሌዳ ናት፤ የሙያው ሰዎች በአጭሩ «ማዘር» ይሏታል። መሳይ የነበረውን አሟጦ አዲስ ማዘር ገዛ። በላይዋ ለሚሰካው ሜሞሪ ግን አልተረፈውም። ተስፋው ሁሉ የድሮዎቹ ሁለት ሜሞሪዎች በአዲሷ ላይ መሥራታቸው ነበር፤ ላያቸው ላይ የተጻፈው ደግሞ ተፍቆ ከየትኛው ዓይነት እንደሆኑ አይነበብም።

ጠዋት ፍቼ ላለችው እናቱ ለቦሰና ደውሎ ቁርጡን ነገራት። ሜሞሪዎቹ ከሠሩ ይቀጥላል፤ ካልሠሩ ቤቱን አስረክቦ አገሩ ይገባል። ሲመሽ የሆነውን እንደሚነግራት ቃል ገባ። ከዚያ መርካቶ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ጓደኛውን ለሊሳን በስልክ ማማከር ጀመረ።

«ማዘር ሞታለች፣ ለሊሳ» አለው። «ትናንት። ስትግል ስትግል ውላ ፀጥ አለች። አዲሷ ማዘር ገብታለች። አሁን የጨነቀኝ እነዚህን የድሮዎቹን ሁለቱን ትቀበላቸዋለች ወይ ነው።»

ከግድግዳው ወዲያ እትዬ የዓለምወርቅ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቆሙ። ነገሩ ገብቷቸዋል። እናትየው በትኩሳት አልፈዋል፣ አባትየው ሳልስቱ ሳይወጣ ሌላ ሚስት አስገብተዋል፣ ሁለቱ ልጆች፣ መሳይና እሳቸው የፈጠሩለት እህት፣ ደግሞ በእንጀራ እናት እጅ ወድቀዋል። የመሳይ አባት ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው መሆኑን አያውቁም፤ ቢያውቁም ታሪኩን የሚያቆመው አልነበረም። ሽንኩርቱ የጀመረላቸውን እንባ ሳያቋርጡ ወጡ። ሞቱን ለሰፈሩ በይፋ ተናገሩ፤ የአባትየውን ጉድ ግን «በእኔና በአንቺ ይቅር» እያሉ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ አወሩት። መሳይ የእድር አባል አይደለም ብሎ ስለ ድንኳኑ ያንገራገረ ሰው ነበር። እትዬ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ቢያዩት ካስማ ተሸክሞ መጣ።

መሳይ ይህን ሁሉ አልሰማም። ለሊሳ በስልክ እንደነገረው ሜሞሪው ሥር ያለችውን ቅድ ከመሰኪያው ጉጥ ጋር ያስተያያል። ካልገጠመች በጉልበት እንዳይሞክር ተብሏል። ገጠመች። ግን ገጥማም ማዘሯ ሜሞሪዎቹን ላትቀበላቸው ትችላለች፤ የሚታወቀው ሲበራ በሚሰማው ድምፅ ነው። አንዴ አጭር «ጢጥ» ካለች ተቀብላለች፤ እየደጋገመች ረዥም ከጮኸች አልተቀበለችም። መሳይ የሜሞሪዎቹን ጥርሶች በላጲስ ፈትጎ፣ ሁለቱንም ሰክቶ፣ ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳረፈ።

በዚህ መሃል ደጅ ላይ ጡሩምባ ተነፋ፤ ለቅሶው ተከተለ። በሩን ከፍቶ ቢያይ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፣ እትዬ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። ከጎረቤት ሰው አርፏል ብሎ ደነገጠ። በለቅሶ ላይ ዝም በሉ ማለት ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ግን ኑሮው እዚያች ማብሪያ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «አንድ ደቂቃ ዝም ቢባልልኝ። የማዘርን ድምፅ መስማት አለብኝ።»

እትዬ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ድንኳኑ ዞሩ። «ዝም በሉ» አሉ። «ልጁ የእናቱን ድምፅ ይስማ።»

ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ጡሩምባ ነፊው እንኳን አፉን ያዘ። መሳይ ገብቶ ማብሪያውን ተጫነ።

ጢጥ።

ሌላ ድምፅ አልተከተለም። መሳይ እየሮጠ ወጣና «ተቀበለቻቸው» አለ፤ «ሁለቱንም ተቀበለቻቸው።»

«እሰይ» አሉ እትዬ። «እንግዲያው ሴትዮዋም ደግ ናት።»

ማን ናት ደጓ ሴትዮ፣ ማንስ ነው የሞተው ብሎ መሳይ ሲጠይቅ፣ እነሱም ደንግጠው ሲመልሱለት፣ ነገሩ ቀስ በቀስ ተፈታ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። መሳይ እትዬን ሊቆጣቸው ፈልጎ ነበር። ነጠላቸው ጫፉ ድረስ በእንባ መራሱን ሲያይ ግን ወደዳቸው። አንድ ቀን እንኳን አይተዋት ለማያውቁ ሴት ነው ያን ያህል ያለቀሱት።

ይህን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ቦሰና መጠበቅ ሰልችቷት ራሷ መደወሏ ነው። መሳይ የሆነውን ሊያስረዳት ሲጀምር እትዬ ስልኩን ከእጁ ወሰዱ። ይቅርታ ሊጠይቁ ነበር፤ ከድንጋጤ የተነሣ ግን አፋቸው የለመደውን አለ።

«እግዜር ያጥናዎት።»

«አሜን» አለች ቦሰና ደንግጣ። «ማን ሞቶብኝ ነው?»

«እርስዎ ነዎት» አሉ እትዬ።

ጉዳዩ ሲብራራላት ቦሰና መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ማን አብዝቶ እንዳለቀሰ አንድ በአንድ ጠየቀች። እትዬም ሳያጋንኑ መለሱላት፤ ይህ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ «ልጄን አገናኙኝ» አለች።

«ያ ዕቃህ ሠራ?» አለችው።

«ሠራ፣ እማዬ።»

«ባይሠራም አትምጣ» አለችው። «እኔን ሳያውቁኝ እንዲህ ካለቀሱልኝ አንተን አይጥሉህም። እዚያው ሁንልኝ።»