መኝታ ያላት መኪናችን

ሰው ሲደክመው ከቤቱ ወጣ ብሎ አየር ይቀይራል ይባላል። እሺ፣ ይቀይር። ግን ቤቱን ጭኖ ነው እንዴ የሚወጣው? ይሄ ነገር እስካሁን አልገባኝም። የገባው ሰው ካለ እባካችሁ ያስረዳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አዲሱ ገበያ አካባቢ ከባለቤቴ ከሰናይት፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። አማቴን ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር ወለላ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በነርስነት ስላገለገሉ ማለት ነው። እኔም ሲስተር ነው የምላቸው። ልጃቸው ሰናይት እንኳን ስትናደድ «ሲስተር!» ትላቸዋለች፤ ያኔ ነገሩ እንደከረረ እናውቃለን።

ሲስተር አምና ጡረታ ወጡ። ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሳን፣ የመጣው ሁሉ «እንግዲህ ይረፉ!» እያላቸው ሄደ። ማረፍ ግን ለካ እንደማንኛውም ሙያ ልምምድ ይፈልጋል። እሳቸው ደግሞ አልተለማመዱም። በመጀመሪያው ሰሞን የግፊት መለኪያቸውን ይዘው ሰፈሩን አዳረሱት። ባለሱቁ ተለካ። ዘበኛው ተለካ። የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ራሱ ተነቦ ወጣ። ወጥ ቤታችን ውስጥ የነበረው ጨው የት እንደገባ እስከዛሬ አይታወቅም። ጎረቤት ሲያያቸው መንገድ መቀየር ጀመረ።

ይሄ እንኳን ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ጠዋት ተነስተው ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ፣ ቦርሳቸውን ያንጠለጥሉና ሳሎን ይቀመጣሉ። የት ሊሄዱ? የትም። አንድ ሰው ከበር «ሲስተር፣ ይፈለጋሉ» እንዲላቸው የሚጠብቁ ነው የሚመስለው። ማንም አይመጣም። ሲመሽ ቦርሳውን መልሰው ይሰቅሉታል። አንድ ቀን ሰናይት ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። «እናቴ እዚሁ ተቀምጣ እየጠፋችብኝ ነው» አለችኝ። ምን እላታለሁ? እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።

መኪናዋ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ሸጎሌ ጋራዥ ያለው ሽመልስ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ግቢው ውስጥ አንድ ፈረንጅ ከአገሩ ድረስ እየነዳ መጥቶባት፣ ሲመለስ ግን በአውሮፕላን የሄደባት መኪና ቆማለች። ይህን ስሰማ መጠርጠር ነበረብኝ አይደል? ሰው እየነዳ የመጣባትን መኪና ትቶ በሰማይ የሚሄደው ለምንድን ነው? አልጠረጠርኩም። ነጭ ናት፣ ወገቧ ላይ ቀይ መስመር አላት። ውስጧ አልጋ አለ፣ የጋዝ ምድጃ አለ፣ እቃ ማጠቢያ አለ፣ መጋረጃ ሳይቀር አለ። ከጎኗ ደግሞ የሚዘረጋ የሸራ ጥላ አላት። «ለሰሞኑ ውሰዳት፤ ከተስማማችህ እንነጋገራለን» አለኝ ሽመልስ። ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ላይ ስለነበሩ፣ ደብረ ሊባኖስ ሄደን ገዳሙን ተሳልመን፣ ገደሉን እያየን እዚያው መኪናችን ውስጥ አድረን እንድንመለስ ተስማማን።

ሰፈር ይዣት ስገባ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። «ማን ታመመ?» አሉኝ። ማንም አልታመመም፣ ለሽርሽር ነው ብል የሚያምነኝ ጠፋ። ሲስተር መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩዋት። አልጋውን ተጫኑት። ምድጃውን ከፍተው ዘጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አልጋ ቤታችን የለንም?»

«አለን ሲስተር።»

«ምድጃስ?»

«እሱም አለን።»

«ታዲያ ለምንድን ነው አነስ ወዳለው የምንሄደው?»

ብርድ ልብሱን መጫን ቀጠልኩ።

ተነሳን። ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታው ዳገት ወዲያው እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። መኪናዋ ግን አታውቅም። ገና እንጦጦን ሳንጨርስ ፈላች። ቆመን አበረድናት፣ ውሃ አጠጣናት፣ ሄድን። ሱሉልታ ላይ ፈላች። ጫንጮ ላይ ሻይ ስንጠጣ እሷም ፈላች። የጭድ ጭነት የተሸከመ አይሱዙ ሲያልፈን ልጆቹ አጨበጨቡለት። ሲስተር ከኋላ አልጋው ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው በመስኮት ያያሉ። ሰናይት በመስታወት እያየቻቸው «ደስ አላላትም» እያለች ታንሾካሹክብኛለች። እኔ የማየው የሙቀት መለኪያውን ነው።

ከጫንጮ አለፍ ብሎ፣ ሱቆቿ በሙሉ መንገድ ዳር የተደረደሩ አንዲት ትንሽ ከተማ ስንደርስ መኪናዋ እንፋሎቷን ለቀቀችና ቀጥ አለች። ኮፈኑን ከፍቼ አንገቴን ከተትኩ። ሰናይት ሲስተር እንዳይሞቃቸው ብላ ሸራውን ዘረጋች፣ ከሥሩም ወንበር አወጣችላቸው። በቃ፣ ያደረግነው ይሄንን ብቻ ነው። እስቲ ፍረዱ፤ ሌላ ምን አደረግን?

ልጅ ያዘለች ሴት መጣች። መኪናዋን አየች፣ ቀዩን መስመር አየች፣ ሸራውን አየች። «ክትባት ነው?» አለች።

«ክትባት አይደለም» አሉ ሲስተር። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ለምንድን ነው አንቺ እንዲህ የምታለከልኪው? ተቀመጪ እስቲ።»

እጃቸው ወደ ቦርሳቸው ገባ። ማዳመጫው ወጣ፣ መለኪያው ወጣ። ሰናይት ጮኸች፤ «ሲስተር! ቤት አስቀምጬዋለሁ አላልሽኝም?»

«ቤቱን ይዘን አይደል እንዴ የመጣነው?» አሏት።

ሴትዮዋ ተለክታ ሳትጨርስ ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ቆሙ። ከሴቶቹ ኋላ ሽማግሌዎች። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ሰልፉ ሱቆቹን አልፎ ሄደ። ሲስተር አንዱን ጨው ይከለክላሉ፣ አንዷን ጤና ጣቢያ ሂጂ ይላሉ፣ አንዱን «አንተ ደህና ነህ፣ ውሃ ጠጣ» ብለው ያሰናብታሉ። እኔ በዘይት የተጨማለቀ ቁልፍ ይዤ ከኮፈኑ ሥር ብቅ ስል አንድ ሰውዬ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ቆሟል። «ዶክተር፣ ይቺ ጉልበቴ...» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም አልኩት። «ግድ የለም፣ እጅህን ታጥበህ ናና እያት» አለኝ።

ኦቦ ገመቹ የሚባሉት የከተማው ሰው የመጡት ይሄኔ ነው። አዲስ ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ አበባ ሰክተዋል። ወንድ ልጃቸውን የሚድሩበት ቀን ነው። መንገድ ዳር የወጡት የሙሽሮቹን መኪኖች ሊቀበሉ ነበር። እስኪመጡ ብለው ሰልፈኛውን ሁሉ እያሳቁ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔንም ለኪኝ እስቲ፤ ደስታዬ ስንት እንደደረሰ ልወቅ» አሉ።

ሲስተር ለኩ። ደግመው ለኩ። በሌላኛው ክንድ ለኩ። እኔ አማቴን አውቃቸዋለሁ። ነገር ሲበላሽ ድምፃቸው ዝቅ፣ ለስለስ ይላል።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ከትናንት ጀምሮ ትንሽ። ድግስ አይደል? ማን ተኝቶ!»

«ዓይንዎንስ ብዥ ይልብዎታል?»

ኦቦ ገመቹ ሳቃቸውን ቀነስ አደረጉ። «አልፎ አልፎ» አሉ።

ሲስተር ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወረዱና «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አሉ።

«የኔ እናት፣ ሙሽሪት እኮ ልትደርስ ነው!»

«እርስዎስ ይደርሳሉ?»

ሰውዬው ግራ ቀኝ አዩ። «ሰው ምን ይለኛል? ገመቹ በልጁ ሰርግ ሐኪም ቤት ገባ አይባልም?»

«ይበል» አሉ ሲስተር። «ይሄንኑ ሰው ነገ ለቅሶ ላይ እንዳናገኘው ነው።»

ወሬው ሰርጉ ቤት ደርሶ ኖሮ የኦቦ ገመቹ ሚስት ወይዘሮ አያንቱ ሽንኩርት የያዘ እጃቸውን እንኳን ሳይታጠቡ እየሮጡ መጡ። ሲስተርን አዩ። ባላቸውን አዩ። የመኪናችንን በር በጣታቸው አሳዩና «ግባ» አሉ። ኦቦ ገመቹ ገቡ።

ቁልፉን አዞርኩ። ጸጥ። ደግሜ አዞርኩ። መኪናዋ መፈጠሯም ትዝ አላላትም። ከኋላ የሲስተር ድምፅ «ምን እየጠበቅን ነው?» ይላል። ሰናይት ወርዳ ወደ ሰልፉ ጮኸች፤ «እባካችሁ ግፉልን!» ያ ሁሉ ደም ግፊቱን ሊለካ የተሰለፈ ሰው መጥቶ እኛን ገፋ። ከሰርጉ ቤት የመጡ ዘመዶች በሱፋቸው ገፉ። ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ከሁሉም በላይ ገፋ። መኪናዋ አነጠሰች፣ አንዴ ዘለለች፣ ተነሳች። ሕዝቡ እልል አለ። በዚያው ቅጽበት የሙሽሮቹ መኪኖች በጡሩንባ ደረሱና፣ አበባ ያለው መኪና ሁሉ እኛን ተከትሎ ጤና ጣቢያ ግቢ ገባ። የግቢው ዘበኛ ያኔ ያደረገውን ፊት ብታዩት! እኔ ብቻ አይደለሁም ግራ የገባኝ ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ጤና ጣቢያው ያለው ባለሙያ ኦቦ ገመቹን አስተኝቶ መድኃኒት ሰጣቸው፣ ከአጠገባቸውም አልተለየም። ውጭ ሙሽራው ክራባቱን በእጁ ጨብጦ ግድግዳ ተደግፏል። ሙሽሪት ቬሏን ሰብስባ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። በመጨረሻ ባለሙያው ወጣና «እየወረደላቸው ነው። በጊዜ ነው ያመጣችኋቸው። ትንሽ ቢቆዩ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ። ወይዘሮ አያንቱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሙሽራው ሲስተር እጅ ላይ ተደፋ። ሲስተር ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ፊትህን ታጠብ፣ ሙሽራ ነህ።»

ኦቦ ገመቹ ግን ካለ እኔ ሰርግ የለም አሉ። ባለሙያው ደግሞ እንዳይቆሙ፣ እንዳይጨነቁ፣ ነገ ጠዋት እንዲመለሱ አዘዘ። ሲስተር መሀል ገቡና «ይተኛሉ፤ ሰርጋቸውም ላይ ይገኛሉ። እኔ አጠገባቸው ነኝ» ብለው ፈረዱ። በዚህ ዓይነት መኪናችን ዳሱ ውስጥ ቆመች። መጋረጃዋ ተከፈተ። አባትየው ትራስ ተደግፈው አልጋችን ላይ ጋደም አሉ። ሙሽሮቹ መጥተው የመኪናዋ ደረጃ ላይ ተንበረከኩና ጉልበት ሳሙ። ኦቦ ገመቹ ሊመርቁ ቀና ሲሉ ከውስጥ ድምፅ መጣ፤ «አይነሱ! ተኝተው ይመርቁ!»

ተኝተው መረቁ። ረጅም ምርቃት ነበር። ሰናይት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔም... በቃ፣ ሽንኩርቱ ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ። በሰርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ አለን። ማይክ የያዘው ሰው «ከአዲስ አበባ የመጡ የሕክምና ቡድን!» ብሎ አስጨበጨበልን፤ እኔ ተነስቼ እጅ ነሳሁ። አንድ ዘመድ በመጋረጃው በኩል ለኦቦ ገመቹ ቁራጭ ጥሬ ሥጋ ሲያቀብል ሲስተር ያዙበት። ሥጋውን ራሳቸው በሉት። ማደሪያም ስላልነበረን የኦቦ ገመቹ መኝታ ቤት ተሰጠን፤ ኦቦ ገመቹ መኪናችን ውስጥ አደሩ፤ ሲስተር አጠገባቸው። እንግዲህ ማን የማን እንግዳ እንደሆነ እናንተ ቁጠሩት።

ጠዋት ኦቦ ገመቹ በእግራቸው ጤና ጣቢያ ደርሰው ደህና ዜና ይዘው ተመለሱ። እኛ ዕቃችንን ሰብስበን፣ ከሽመልስ ጋር በስልክ እየተማከርን ሞተሩን አስተካክለን፣ እንሂድ ስንል ሸራው ተዘርግቷል። ሰልፉ ከትናንቱ ይበልጣል። ሲስተር ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን አየሁት። ያን ፊት ካየሁት ቆይቷል።

«እማዬ፣ ደብረ ሊባኖስስ?» አለች ሰናይት።

«እናንተ ሂዱ። ለኔም ጸልዩልኝ። መኪናዋን ግን ተዉልኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመለኪያው ሳያነሱ።

ምን ይደረጋል? ሚኒባስ ተሳፈርን። መኝታ፣ ምድጃና መጋረጃ ያላት መኪና ይዞ ለጉዞ የወጣ ቤተሰብ፣ ልጆቹን ጭኑ ላይ ጭኖ፣ ከዶሮ ጋር ተጋፍቶ ገዳም ደረሰ። ተሳለምን፣ ገደሉን አየን፣ ከሰዓት ተመለስን። ደክሞኛል። አልጋዬ ላይ ጋደም ልበል ብዬ ወደ መኪናዋ በር ስሄድ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ፊቴ ላይ ዘረጉ።

«ወረፋ!»

«አባቴ፣ መኪናዋ እኮ የኔ ናት።»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ወረፋህን ያዝ» አሉኝ።

ሰናይት ሳቋን አፍና ከልጆቹ ጋር ወደ ወይዘሮ አያንቱ ቤት ጠፋች። እኔ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ሲስተር ቀና ብለው እንኳን ሳያዩኝ ክንዴን ሳብ አድርገው ጠቀለሉት፣ ነፉ፣ አዳመጡ። ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ከፍ ብሏል» አሉኝ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። «ሰሞኑን ምን ላይ ነህ?»

«እረፍት ላይ ነኝ፣ ሲስተር።»

«አቁመው» አሉኝና ወደ ሰልፉ ዞረው ተጣሩ፤ «ቀጣይ!»