ዝርዝር ሰው

እሑድ ከምሳ በኋላ አቶ ዘርጋው ሶፋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ፤ የወሰዳቸውም እንዲህ ወዳለ አገር ነው።

ከተማዋ አዳማ ነበረች። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩባት፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ብቻቸውን የቀሩባት አዳማ። መንገዱም ያው፣ ባጃጁም ያው። ነገር ግን በእግረኛው መንገድ የሚሄዱት ሰዎች ሳይሆኑ ብሮች ነበሩ። ሁለት መቶ ብሮች ከረባት አስረው፣ ቦርጫቸውን አስቀድመው ይንጎራደዳሉ። መቶ ብሮች ጥላ ዘርግተው እያወሩ ያልፋሉ። ሳንቲሞች እየተንከባለሉ ይሯሯጣሉ። ሰዎቹ ግን በየብሩ የኋላ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ታክሲ በር ላይ አንድ መቶ ብር ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። ረዳቱ ሃምሳ ብር ነው።

«ዝርዝር ሰው የለህም?» አለ ረዳቱ።

«ያለኝ ይሄ ጎልማሳ ብቻ ነው።»

«ለጎልማሳ መልስ ከየት አመጣለሁ? ሕፃናት የሉህም?»

ጎልማሳው ከታጠፈበት አንገቱን ብቅ አድርጎ «እኔ ልውረድ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። መቶ ብሩ አንገቱን መልሶ ወደ ኪሱ ከተተው።

አቶ ዘርጋው ደንግጠው ከመብራት እንጨት ኋላ ተሸሸጉ። መሸሸግም አላስፈለጋቸውም፤ ዞሮ ያያቸው አልነበረም። «በዚህ በዚህስ አገሩ አልተለወጠም» ብለው ቅር አላቸው። ወዲያው ነፋስ መጣና ብድግ አደረጋቸው። ለካ እንደ ወረቀት ቀለዋል። እያንሳፈፈ ወስዶ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጣላቸው። በሩ ላይ «የሰው ስጦታ በልዩ ልዩ ዲዛይን እናዘጋጃለን» ይላል።

ገቡ። አንዲት አስተማሪ ተጠቅልላ ጽጌረዳ ሆናለች። አንድ ደላላ ኮሌታ እንዳለው ሸሚዝ ተጣጥፏል፤ ቁልፎቹ የራሱ ጥርሶች ናቸው። አንድ ቤተሰብ በሞላ ግልጽ ፊኛ ውስጥ ገብቶ ጣሪያው ሥር ይንሳፈፋል። መደርደሪያው ላይ ካለው ኬክ የተንጠለጠለችውን ክር ሲስቧት ደግሞ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ከነተጠባባቂዎቹ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዘ እየተመዘዘ ይወጣል።

የሱቁ ባለቤት ጠርዟ የተተለተለ፣ መሃሏ በፕላስተር የተጣበቀ አሮጌ አሥር ብር ነበረች። አቶ ዘርጋውን ከመሬት አነሳችና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋቻቸው።

«ፎርጅድ እንዳይሆን» አለ ከኋላዋ የቆመው ደንበኛ። ለወንድሙ ሠርግ ስጦታ ሊገዛ የመጣ ሁለት መቶ ብር ነው።

«የለም፣ እውነተኛ ነው። ክሩ ይታያል። ተጨማዶ ነው እንጂ።»

«የተጨማደደ ለሠርግ ይዤ አልሄድም።»

«ይተኮሳል» አለች።

መዳፏን በትንፋሿ አሙቃ ከግንባራቸው ጀምራ ታሻቸው ገባች። ግንባራቸውን፣ የጉንጫቸውን ሽብሽብ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ማንም ያልነካውን ማጅራታቸውን።

«አመመዎት አባቴ?»

«የለም፣ የለም። ብቻ አይቸኩሉ።»

ሲለሰልሱላት እግሮቻቸውን ወደ ውስጥ፣ ክንዶቻቸውን ወደ ውጭ አጥፋ አበባ አደረገቻቸው። አቶ ዘርጋውም አበባ ሆነው ድፍረት አገኙ።

«እኔ የምለው፣ እመቤቴ፣ ለልጄ ቢሰጡኝስ? ትርሲት ትባላለች። አዲስ አበባ ናት፤ ሩቅም አይደለም።»

ፊኛ ውስጥ ያለው ቤተሰብ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ልጅህ ብር ናት?» አለ ደንበኛው።

«ሰው ናት።»

«ሰው ለሰው ሊሰጥ!» ደንበኛው ከረባቱን አላላ። «ነውር አይደለም እንዴ? የሚሰጠው ያጣ ነው ሰው ይዞ ሰው ቤት የሚሄድ።»

አሥር ብሯ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው «በእኛ ጊዜ ነበረ» አለቻቸው። «ሰው ባዶ እጁን፣ ራሱን ብቻ ይዞ ሰው ቤት ይሄድና ቁጭ ብሎ ይውል ነበር። ዛሬ ይታፈራል፣ አባቴ።»

ከዚያ ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ሙሽራው ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ፣ ቀለሙ የሚሸት ብር ነው። መድረኩ ላይ አንድ አዝማሪ ብር ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ ታዳሚው እየተነሳ፣ ሰው እየላሰ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ደንበኛውም አቶ ዘርጋውን ከእቅፉ መዝዞ ጀርባቸውን ላስ አደረገና ለጠፋቸው። ከዚያ ላይ ሆነው አዳራሹን ሲያዩ እልፍ ብር በአንድ ጊዜ አያቸው። ለአፍታ ደስ አላቸው።

«የሸለምከኝን ሰው ስሙን ማን ብዬ ላዚምልህ?» አለ አዝማሪው።

«ስም አለው እንዴ?» አለ ደንበኛው፤ አዳራሹም በሳቅ ተናጋ።

«ዘርጋው!» ብለው ጮኹ። «ዘርጋው ነኝ!» ማሲንቆው ዋጠው። የአዝማሪው ላብ አላቀቃቸውና እስክስታ በሚመታው ጫማ መካከል ወደቁ። አንዱ ረገጣቸው፤ ሌላው ረገጣቸው፤ በመጨረሻ መጥረጊያ መጣና ከሌሎቹ ሽልማቶች ጋር ጠራርጎ ማዳበሪያ ውስጥ ከተታቸው።

ማዳበሪያው ውስጥ ጨለማ ነበር፤ ጨለማው ግን ይሞቃል። ትከሻ በትከሻ ላይ፣ ጉልበት በሆድ ላይ፣ ሰው ተሞልቷል።

«ይቅርታ፣ ክርኔ ነው የወጋዎት» አለ አንድ ድምፅ።

«ግድ የለም፣ እዚያው ይቆይ።»

ከታች በኩል ሌላ ድምፅ መጣ። «አባዬ?»

«ትርሲት! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ከቢሮ ስወጣ አፍሰው ሸለሙኝ።»

አቶ ዘርጋው ሳቁ። እንዲህ ከልባቸው ከሳቁ ቆይተዋል። «ነይ፣ ወደዚህ ተጠጊ።»

«በየት በኩል? ሰው አላሳልፍ አለኝ።»

«በላያቸው ውጪ! ልጅ ሆነሽ በአውቶቡሱ ወንበር ላይ እየተንጠላጠልሽ እኔ ጋ ትመጪ አልነበር? እንደዚያው!»

ሰዎቹ ሲያጉረመርሙ ሰሙ። እየመጣች ነው። ጣቶቿ እጃቸውን ነኩ፤ መጀመሪያ ጫፋቸው፣ ከዚያ መዳፏ። ሊጨብጧት ሲሉ ማዳበሪያው ይንኳኳ ጀመር። ማዳበሪያ ደግሞ አይንኳኳም። በዚህ ነቁ።

የሚንኳኳው የግቢው በር ነበር። እጃቸውን ጨብጠው እንደያዙ ሄደው ከፈቱ። አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ የሞተር ቆብ አጥልቃ፣ በአዳዲስ ሁለት መቶ ብሮች የተሠራ እቅፍ አበባ ከነቅርጫቱ ታቅፋ ቆማለች።

«አባባ ዘርጋው? መልካም ልደት! ከልጆችዎ ከትርሲትና ከኤፍሬም ነው።»

ልደታቸው መሆኑን አያውቁም ነበር። ልጆቹ ከመታወቂያቸው ላይ አንብበውት ይሆናል። ሴትዮዋ እቅፉን አሳቀፈቻቸውና ስልኳን ደገነች። «ለቪዲዮም ከፍለዋል። ‹ልጆቼ አመሰግናለሁ› ይበሉና ይሳቁ።»

«ልጆቼ አመሰግናለሁ» አሉ፤ ሳቁም።

«ሳቁ ላይ ትንሽ ቆየት ይበሉ። እንደሱ! በቃ፣ ያምራል።» ስልኳን ኪሷ ከተተች። «አባባ፣ ብሩ የእርስዎ ነው። ቅርጫቱና ብሩ የተሰካበት እስፖንጅ ግን የድርጅታችን ስለሆነ ነገ መጥተን እንወስዳለን።»

አቶ ዘርጋው ቀና አሉ። «ነገ ትመጫለሽ?»

«እኔ ላልሆን እችላለሁ። ሰው ይቀያየራል።»

«ማንም ይምጣ» አሉ አቶ ዘርጋው። «ብቻ ምሳ ሰዓት ላይ ይሁን።»