ከኩሬው ማዶ

መንገድ ስንጠቁም ለጠያቂው የምንጠቁም ይመስለናል እንጂ የምንጠቁመው ለራሳችን ነው። እስኪ ልብ በሉ። አንድ እንግዳ መጥቶ «የእገሌ ቤት በየት ነው?» ቢላችሁ፣ ዓይናችሁ ሩቅ ይሄድና እጃችሁ ይነሣል፤ ከዚያ «ይኼን ይዘህ ትሄድና ወፍጮ ቤቱን ስታልፍ…» ትሉታላችሁ። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ስንት ክረምት አልፎታል። እንግዳው አመስግኖ ይሄዳል፤ እናንተም ጽድቅ እንደሠራ ሰው ደስ ብሏችሁ መንገዳችሁን ትቀጥላላችሁ። እሱ ምናልባት እስካሁን ወፍጮ ቤቱን እየፈለገ ይሆናል።

ይኼ ነገር ያስቀኝ ነበር። አምና ክረምት ድረስ ያስቀኝ ነበር።

የተወለድሁት ደብረ ማርቆስ ነው ብል አልዋሸሁም፤ ግን እኔ ስወለድ ቦታው ደብረ ማርቆስ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ለኛ በገበያ ቀን አህያ ጭነን የምንሄድበት፣ ሰው ሲታመም የሚወሰድበት፣ ማታ ማታ መብራቱን ከሩቅ የምናይለት የሰው አገር ነበር። እኛ ወደ ከተማው አልሄድንም። ከተማው ራሱ መጣልን።

ከመምጣቱ በፊት ከቤታችን በታች ኩሬ ነበር። ትልቅ ኩሬ አልነበረም፤ ለልጅ ግን ባሕር ነው። ክረምት ሲገባ ሞልቶ የጎረቤታችን የአያ አለልኝ አውድማ ድረስ ይዘልቃል፤ በበጋ ይሸሽና ጭቃውን ይተውልናል። ከዚያ ጭቃ በሬ እንሠራለን፣ ቀንድ እንተክልለታለን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ በማግስቱ ተሰነጣጥቆ እናገኘዋለን፤ አልቅሰን ሌላ እንሠራለን። ዙሪያው ጨፌ ነበር። ጳጉሜን ስታልቅ የመንደሩ ልጃገረዶች እየዘፈኑ እንግጫ የሚነቅሉት ከዚያ ነው፤ ጎንጉነው በዕንቁጣጣሽ ጧት በየቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። አብየ እማየን መጀመሪያ ያያት ከዚያ ጨፌ እንግጫ ስትነቅል ነው ይባላል። ሲጠየቅ «እኔ የሄድሁት ከብት ላጠጣ ነበር» ይላል። ያን ሰሞን የአብየ ከብቶች ከልክ በላይ ይጠማቸው እንደነበር አያቴ ትመሰክርበት ነበር።

ኩሬውን ማንም በግራ በኩል አይዞረውም። በግራ ማጥ አለ፤ በሬ የዋጠ ማጥ። ስለዚህ ሰውም ከብቱም ቁልቁለቱን ሲጨርስ ወደ ቀኝ ይዞራል። እግራችን ይኼን የተማረው እኛ ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ነው።

ከዚያ ከተማው መጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ መጀመሪያ መብራት ይዞ መጣ፤ እልል አልን። ቀጥሎ ቧንቧ ይዞ መጣ፤ መረቅነው። ከዚያ ችካልና ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ። እርሻው ተወሰደና ጎረቤቱ ካሣውን ይዞ ተበተነ፤ ገሚሱ ሉማሜ፣ ገሚሱ ቁይ፣ ዘመድ ያለው ደብረ ወርቅ። አብየና እማየ ቤታቸው ያረፈባትን ቁራሽ ይዘው ቀሩ። የመንደሩ ምልክት የነበረችው ዋንዛ ተቆርጣ በቦታዋ መድኃኒት ቤት ቆመ። አውድማው ባለ ፎቅ ሆቴል ሆነ። ኩሬውን በገረጋንቲ ደፈኑትና አስፋልት አለበሱት። ለሰፈሩም ስም ወጣለት፤ «ሳይት»።

አዲሶቹ ጎረቤቶች ደጎች ናቸው፤ አላማቸውም። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በየበዓሉ ከቤቱ ያለውን ይልካል። ግን አጥራቸው ረዥም ነው፤ ጧት ቆልፈው ይወጣሉ፣ ሲመሽ ከፍተው ይገባሉ። እነሱ የገዙት ካርታ ላይ ያለውን ሰፈር ነው። እኛ የምንኖረው ከሥሩ ባለው ውስጥ ነበር። አብየ እስከ ዛሬ መድኃኒት ሲገዛ «ዋንዛዋ ጋ ደርሼ መጣሁ» ይላል። ሁላችንም እንስቅበት ነበር፤ በተለይ እኔ፣ የተማርሁት።

አምና ነሐሴ ነው። የማስተምረው ሉማሜ ስለሆነ፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እነሱ ዘንድ እከርማለሁ። አንድ ረፋድ፣ የሥራ ቀን ነው፣ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አባርቶ ነበር። እማየ ደረቷን ይዛ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ልቧን ታማ ስለምታውቅ ገባን። «አየር አጠረኝ» አለች፤ ፊቷ ላብ በላብ ሆነ። አብየ ስልኩን አነሣና አንድ ጊዜ ከገበያ እስከ አስፋልቱ ላመጣው ባለ ባጃጅ ለሰዒድ ደወለለት። ሰዒድ ከወሎ የመጣ፣ ለከተማው አዲስ የሆነ ትሑት ልጅ ነው።

«ልጄ፣ ቶሎ ድረስልኝ። ከዋንዛዋ ከፍ በል፣ ከአለልኝ አውድማ ዝቅ በል፤ ከኩሬው ማዶ ነን» አለው።

ተናደድሁ። «አብየ፣ ልጁ ትናንት የመጣ ነው፤ ዋንዛ በየት ያውቃል? ስልኩን ወዲህ አምጣው» ብዬ ተቀበልሁና ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዳ መምህር ድምፄን አስተካከልሁ።

«ሰዒድ፣ እንዳትደናገር። አስፋልቱን ይዘህ ቁልቁል ቀጥ ብለህ ና። ኩሬው ጋ ስትደርስ በቀኝ ዞረህ ትወጣለህ።»

«የቱ ኩሬ ጋሼ?»

«ኩሬው ነዋ።»

አትሳቁብኝ። በዚያች ሰዓት ለኔ በዓለም ላይ ያለው ኩሬ አንድ ነበር፤ እሱም ከቤቴ በታች ነው።

ጥቂት ቆይቶ መልሶ ደወለ። «ጋሼ፣ ኩሬ የሚባል አላየሁም። ዝናቡ አስፋልቱ ላይ ውሃ አቁሮብኝ፣ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ፈርቼ ቆሜያለሁ። በየት ልምጣ?»

«እሱን እለፈውና፣ ኩሬው ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» አልሁት።

እማየ ትሰማናለች። እጄን ያዝ አደረገችና በዚያ ባጠረ ትንፋሿ፣ «በቀኝ ይዙር በሉት፤ በግራ ማጥ አለው» አለች። ለማታውቀው የሰው ልጅ አዝና ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ሰዒድ በኋላ እንደነገረኝ፣ መድኃኒት ቤቱን ጠየቀ፤ የሆቴሉን ዘበኛ ጠየቀ፤ ሁሉም ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ «ኩሬ? እዚህ ሰፈር?» አሉት። አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ኩሬ ያለውስ በዚያኛው ዳር ነው» ብሎ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ላከው። እኔ ቢጨንቀኝ ወጥቼ የጎረቤቶቹን የብረት በሮች ደበደብሁ፤ አንዱም አልተከፈተም። ሮጬ አስፋልቱ ላይ አላፊ መኪና ለምኜ ይዤ ስመለስ፣ አብየ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስቦ አጠገቧ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጎረቤታችን ነርሷ ማታ መጥታ፣ እማየ ሐኪም ቤት ቀድማ ብትደርስም ላትተርፍ ትችል እንደነበር ነገረችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ አመሰገንኋት። አልተጽናናሁም።

በሰልስቷ ቀን የተበተነው መንደር መጣ። ከሉማሜ፣ ከቁይ፣ ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ እየተጫነ መጣ። ብዙዎቹ ከሄዱ ወዲህ ያን ምድር አላዩትም። ግን አንድም ሰው ደውሎ «ቤታችሁ በየት ነው?» አላለኝም። እንግዳ ልቀበል አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነበር። ሰዒድም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ከጎኔ ቆሟል። ያን ቀን ፀሐይ ወጥታ አስፋልቱ ደርቋል።

አያ አለልኝ መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቁይ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ አስፋልቱ ሲነጠፍ እዚህ አልነበሩም። የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ በዱላቸው እየዳሰሱ ቁልቁለቱን ወረዱ። ልክ ቁልቁለቱ አልቆ እግራቸው ሜዳ ሲረግጥ ቆም አሉ።

«ኩሬው ጋ ደርሰናል። በቀኝ ዙሪ» አሏት።

«አባባ፣ አስፋልት ነው እኮ። ምንም የለም።»

«ዙሪ አልሁሽ። በግራ ማጥ አለው።»

ልጅቱ ታዘዘች። ሽማግሌው በደረቁ አስፋልት ላይ፣ የኩሬውን ዳር እየተከተሉ በቀኝ ዞሩ። አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን እያንባረቀ ቆመላቸው። ከኋላቸው የሚመጡት የሉማሜ ሴቶች ደግሞ ዓይናቸው ደህና ነው፤ አስፋልቱን ያያሉ። እነሱም ዞሩ። ልቀበላቸው የሄድሁት እኔም አብሬ ዞርሁ።

ሰዒድ ቆሞ ያየን ነበር። እኛ የዞርነውን ባዶ ቦታ በዓይኑ ለካውና «ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ያን ዕለት ቆሜ የደወልኩት እዚህ ነበር።»

ኩሬው መሐል ቆሞ ነበር። ኩሬው የለም እያለ፣ ኩሬው ውስጥ። ቦታውን ያልረሳው ውሃው ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ወዲያ እለፈው አልሁ። ከዚያ እስከ ቤታችን፣ በልጅነታችን እማየ ለምሳ ስትጠራን በአንድ ጥሪ የምንሰማበት ነው። ስልክ ባይኖረን ኖሮ ወጥተን እንጣራ ነበር፤ ይሰማን ነበር።

እንግዲህ የሰዒድ ነገር፣ ለጓደኞቹ ነገራቸው። እነሱም ለተሳፋሪ ነገሩ። ዛሬ ያ ቦታ በባለ ባጃጅ ሁሉ አፍ «ኩሬ» ነው። አዲሶቹ ጎረቤቶች ይኼ ስም ከየት መጣብን ብለው ቅር ብሏቸዋል፤ ወደ ሆቴሉ ለሠርግ የመጡ እንግዶችም ኩሬ ዳር ፎቶ ሊነሡ ይጠይቃሉ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዘንድሮ ለሙት ዓመቷ ከሉማሜ ስመጣ፣ መናኸሪያው በር ላይ አንድ የማላውቀው ባለ ባጃጅ ወዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ብልጥ ሆኛለሁና «ሳይት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ከፍ ብሎ፣ ከሆቴሉ ዝቅ ብሎ…» ብዬ ጀመርሁ።

«ኩሬው ጋ ነው የሚሉኝ?» አለ። ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር በር ላይ አደረሰኝ።

ገብቼ ለአብየ ነገርሁት። እማየ በተቀመጠችበት መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

«በቀኝ ይዞራሉ?» አለኝ።

«አስፋልት ነው እኮ አብየ። ቀጥ ብለው ነው የሚመጡት።»

«ይሁን፣ ደግ ነው» አለና ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። «እንግዲህ መንገዱን ካወቁት፣ እኔን ሊወስዱ ሲመጡ አይቸገሩም።»